የሰፈር ሙቀትን ስለካ የተማርኩት፦ የስድስት ሳምንት ማስታወሻ

በመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ የውጭውን ሙቀት መለካት ከጀመርኩ ስድስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ዓላማዬ የትኛው መንገድ ዛፍ፣ የትኛው የእግረኛ መቆሚያ መጠለያ በቅድሚያ እንደሚያስፈልገው ለከተማ ፕላን ባለሙያዎች በቁጥር ማሳየት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መዝገብ ሙሉ በሙሉ ሰርዤዋለሁ። ቴርሞሜትሩን ያለ መከለያ ፀሐይ ላይ ስለያዝኩት የመዘገበው የአየሩን ሳይሆን የራሱን ግለት ነበር። አየር በሚያሳልፍ ነጭ መከለያ ውስጥ አስገብቼ፣ ለቆመ ሰው መለኪያ በሚያገለግለው የ1.1 ሜትር ከፍታ ላይ ካቆምኩት በኋላ ግን ያልጠበቅኩት ነገር ታየኝ፤ በዛፍ ጥላ ሥርና ከዚያ ሃያ እርምጃ በሚርቀው አስፋልት ላይ ያለው የአየር ሙቀት ልዩነት አንድ ዲግሪ እንኳ አልሞላም። ጥላው ሥር ግን እፎይ እላለሁ፤ አስፋልቱ ላይ ላብ ያጠምቀኛል።

ሰው የሚሰማው ሙቀት በአየሩ ብቻ ሳይሆን በርጥበቱ፣ በነፋሱ፣ እንዲሁም ከፀሐይ፣ ከግድግዳና ከመሬት በሚመጣው ጨረር ጭምር የሚወሰን በመሆኑ፣ በሦስተኛው ሳምንት ጥቁር ቀለም በተቀባ ባዶ የመዳብ ኳስ መካከል የገባ ቴርሞሜትር ጨመርኩ። ልዩነቱ ወዲያውኑ ከአሥር ዲግሪ በላይ ሆነ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፦ መደበኛው ባለ 150 ሚሊሜትር ኳስ ንባቡ እስኪረጋ 20 ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ፣ በአምስተኛው ደቂቃ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ገና በመውጣት ላይ የነበሩ ናቸው። አሁን እየተዘዋወርኩ ስለካ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚያህል፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ ባለ 40 ሚሊሜትር ኳስ እጠቀማለሁ። ትንሹ ኳስ ቶሎ ይረጋል፤ ግራጫውም የፀሐይን ብርሃን የሚቀበልበት መጠን ልብስ ለለበሰ ሰው ይቀርባል። ነገር ግን ነፋስ በቀላሉ ስለሚያቀዘቅዘው የነፋሱን ፍጥነት አብሮ አለመመዝገብ ንባቡን ዋጋ ያሳጣዋል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለአሜሪካ ወታደራዊ ማሠልጠኛዎች የተዘጋጀውን ቀመርም ሞክሬዋለሁ። ቀመሩ በእርጥብ ጨርቅ ከተሸፈነው ቴርሞሜትር 70 በመቶ፣ ከጥቁሩ ኳስ 20 በመቶ፣ ከአየሩ ሙቀት 10 በመቶ ወስዶ ይደምራል። በሙቀት የመጎዳትን አደጋ ለመለየት ጠቃሚ ነው፤ ሁለት መንገዶችን በጥላቸው ለማወዳደር ግን የጨረሩን ንባብ ለብቻው ማቅረብ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሌላው ስሕተቴ የሰዓት ነበር። አንድ ዙር አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነጥብ በቀጥታ አይወዳደሩም፤ ስለዚህ ሁለተኛ መሣሪያ በአንድ ቦታ ተክዬ፣ በዚያ ሰዓት ውስጥ የታየውን ለውጥ ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ አስተካክላለሁ።

በዚህ ሳምንት ልኬቱን ወደ ምሽት አሸጋግሬዋለሁ። ፀሐይ ከጠለቀች ከሁለት ሰዓት በኋላ በጠባቡ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ያለውን ግድግዳ በእጄ ስዳስሰው ገና ይሞቃል፤ ሰማዩ በሰፊው የሚታይበት ሜዳ ግን ቀዝቅዟል። ቀን በጥላው ተመራጭ የነበረው ይኸው መተላለፊያ በመሆኑ፣ ካርታውን ለቀንና ለሌሊት ለየብቻ ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ።