ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት

ፀጉር ቤት ተቀምጦ «ትንሽ አሳጥረው» ማለት አይበቃም፤ የእናንተ ትንሽና የቆራጩ ትንሽ አይገጥሙም። በቁጥር ንገሩት። ማሽኑ ላይ የሚገጠመው ማበጠሪያ ቁጥር 1 ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ 2 ወደ 6፣ 4 ወደ 13 ሚሊ ሜትር ፀጉር ያስቀራል። «ወንድሜ፣ ጎንና ኋላውን በ2፣ አናቱን በ4፤ ፌዱ ከጆሮዬ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ያብቃ» ካላችሁት በግምት አይቆርጥም። ፌድ ከታች አጥሮ ወደ ላይ ቀስ በቀስ የሚረዝም አቆራረጥ ነው።

ያው 2 ቁጥር ግን ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ሲሄድ ረዘም፣ በተቃራኒው ሲገፋ አጠር ያደርጋል። ከተጠራጠራችሁ በ3 አስጀምሩትና በመስታወት አይታችሁ ውረዱ። ከርዳዳ ፀጉር ያላችሁ በሚዶ አበጥራችሁ ሂዱ፤ እንደተጠቀለለ ከተቆረጠ ሲበጠር ወጣ ገባ ይሆናል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የግንባር መስመር ነው። ቆራጩ ቀጥ ላድርገው ብሎ በየጊዜው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በሳምንቱ የተላጨው ፀጉር ግንባር ላይ እንደ ጥላ ብቅ ይላል። «የተፈጥሮ መስመሩን ተከተል፣ ወደ ውስጥ አትግባ» በሉት፣ በጣታችሁም አሳዩት።

ፎቶ ከያዛችሁ የራሳችሁ የድሮ ፎቶ ይሻላል፣ በተለይ ከጎን የተነሳ።