ባዶ ታንከር ይንሳፈፋል

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለሚሠራ ጂ+7 ሕንፃ ዲዛይኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ታች ሱቅ፣ መሃል ቢሮ፣ ላይ መኖሪያ ነው። ባለቤቱ መብራትና ውሃ የሚቆጥብ ሕንፃ ነበር የፈለገው። አብዛኛው ሥራ አላስቸገረም። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ 34 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ የደሴ ብርድ የሚብሰውም ያኔ ስለሆነ ሳሎኖቹን ወደ ደቡብ አዞርናቸው። በምዕራብ በኩል ሰፊ መስታወት አላደረግንም። ሱቆቹ ያሉበት ወለል ግድግዳ ስለሌለው ለመንቀጥቀጥ ደካማ ነው፤ የ1953ቱን የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ የሰማ ሰው ይህን ችላ አይልም። የሊፍቱን ግድግዳ በኮንክሪት ከመሠረት እስከ ጣሪያ፣ ማዕዘን ላይ ሳይሆን መሃል አካባቢ አወጣነው።

ጉዱ የመጣው ከዝናብ ውሃ ታንከሩ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። 320 ካሬ ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 320 ሊትር ነው፤ የሚባክነው ተቀንሶ 80 ከመቶው ይያዛል። የመጀመሪያው ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ይደፋል፤ የቀረው ለሽንት ቤት ይውላል። ለዚህ 5 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ የኮንክሪት ታንከር ከጓሮ ቀበርን። ውፍረቱ ወለሉ 25፣ ግድግዳው 20፣ ክዳኑ 15 ሳንቲም ነው፤ 43 ኪዩብ ይይዛል።

የአፈር ምርመራው በጥር ተቆፍሮ «የከርሰ ምድር ውሃ አልተገኘም» ተብሎ ተጻፈ። በደሴ ተዳፋት ላይ፣ ዋልካ አፈር ውስጥ፣ በጥር ውሃ አለመገኘቱ ምን ይገርማል? ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ መኪና ማቆሚያውን ሦስት ጊዜ አስቆጥሮኛል፤ ስለ ውሃ ግፊት ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም፤ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ክረምቱ ሲገባ የታንከሩ ግድግዳ ኮንክሪት ተሞልቶ ነበር፤ ክዳኑ አልተሞላም፣ በዙሪያው ያለው ቁፋሮም አፈር አልተመለሰበትም። ጎርፉ ቁፋሮውን ሞላው፣ ታንከሩ ውስጥም ዝናብ ገባ። ፎርማኑ ለልስን እንዲመች ፓምፕ አስገብቶ ውስጡን አደረቀው። «አብሽር፣ ለነገ ይደርቃል» አለኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። በማግስቱ አንዱ ማዕዘን 18 ሳንቲም ተነሥቶ፣ የመግቢያው ቧንቧ ተሰብሮ አገኘነው።

ሒሳቡ የአንድ ገጽ ሥራ ነበር። ክዳን የሌለው ታንከር ወደ 14 ኪዩብ ኮንክሪት ነው፤ አንዱ ኪዩብ 2.5 ቶን ስለሚመዝን 35 ቶን ገደማ። ወለሉ 20 ካሬ ስለሆነ ውጪ ያለው ውሃ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 20 ቶን ወደ ላይ ይገፋል። ውሃው 1.75 ሜትር ሲደርስ ታንከሩ ጀልባ ነው። ክዳኑ ቢኖርም ክብደቱ 42 ቶን ነው፤ ውሃው እስከ አናቱ ቢደርስ ግፊቱ 60 ቶን ይሆናል። ውስጡ የነበረው ዝናብ ሚዛን ጠብቆልን ነበር፤ እኛ ነን ቀድተን ያወጣነው።

ውሃ መልሰን ስንሞላው ወረደ፤ ግን ጭቃ ከሥሩ ገብቶ ስለነበር በ7 ሳንቲም ዘምሞ ተቀመጠ። ከሥሩ የሲሚንቶ ውሃ በግፊት አስገባን፣ የተሰነጠቀውን ማዕዘን ጠረብን፣ ውስጡን በሙሉ እንደገና ለሰንን።

መሆን የነበረበት ይህ ነው። ወለሉን ከግድግዳው ውጪ በየጎኑ 50 ሳንቲም አውጡት፤ 10 ካሬ ይጨምራል። በላዩ የሚመለሰው 2.75 ሜትር አፈር ውሃ ውስጥ ያለውን ክብደት በኪዩብ 0.8 ቶን ብንይዘው እንኳ 22 ቶን ይጫናል፤ ከተጨመረው ኮንክሪት ጋር ጠቅላላው 68 ቶን ገደማ ይሆንና ከ60 ቶኑ ግፊት ይበልጣል። በግንባታው ጊዜ ወለሉ ላይ ባለ 10 ሳንቲም ቧንቧ ክፍት ይተውና የውጪው ውሃ ይግባ፤ የሚደፈነው ክዳኑ ተሞልቶ፣ አፈሩ ተመልሶ ሲያበቃ ነው። ፓምፕ ካስፈለገ ደግሞ መጀመሪያ የውጪው ውሃ ይቀዳ፣ ቀጥሎ የውስጡ። የአፈር ምርመራውን በጥር ብታስቆፍሩም የመመልከቻ ቧንቧ አስቀርታችሁ በነሐሴ ውሃው የት እንደደረሰ ለኩ፤ ሪፖርቱ ባይጠይቅም።

«ታንከሩ በተለቀ ቁጥር ይሻላል» የሚለውንም ምክር አልቀበልም። 60 ሰው በቀን አምስት አምስት ጊዜ ስድስት ስድስት ሊትር ቢለቅ 1.8 ኪዩብ ነው፤ 43 ኪዩብ በ24 ቀን ያልቃል። መስከረም ላይ የሞላው ጥቅምት ላይ ባዶ ነው። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ቶሎ ቶሎ ስለሚተካው 20 ኪዩብ ይበቃል። እሱን ቤዝመንቱ ወለል ላይ፣ ዙሪያውን እየዞሩ በሚያዩት ቦታ ሮቶ ደርድሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ መኪና ማቆሚያ የሚቆጥሩት ሰዎች ሁለት ቦታ ጎደለ ብለው ይቆጡ ይሆናል።