ከእማዬ አልበም የተሰራ ፐዝል

እማዬ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ውሎዋ ቤት ሆኗል። ቴሌቪዥን ብዙም አትወድም፣ ጩኸቱ ይበዛባታል። ወንድሜ ከዴንቨር ታብሌት ልኮላት ነበር፣ እሱንም ከልጅ ልጆቿ ጋር በቪዲዮ ለማውራት ካልሆነ አትነካውም። ታዲያ አንድ እሁድ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ልጆቿ ስልክ ላይ ፐዝል ሲገጣጥሙ አየሁ። የአንበሳ ፎቶ ነው። ተቆራርጦ ስክሪኑ ላይ ተበትኗል፣ እነሱ በጣታቸው እየጎተቱ ቦታ ቦታው ይመልሱታል። ይሄ ነገር በራስ ፎቶ ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። በእማዬ አልበም ቢሆንስ?

ይሆናል። እንደውም ቀላል ነው። ፎቶ ተቀብለው ወደ ፐዝል የሚቀይሩ አፖችና ድረ ገጾች ሞልተዋል። እኔ የለመድኩት ጂግሶ ፕላኔት የሚባለውን ነው። ፎቶ ትጭናላችሁ፣ ስንት ቁራጭ እንዲሆን እንደምትፈልጉ ትመርጣላችሁ፣ ከ4 ጀምሮ እስከ 300 ይሄዳል። የቁራጮቹን ቅርጽ ትመርጣላችሁ። አለቀ። ሊንኩን ለፈለጋችሁት ሰው መላክ ነው። ማተም የለ፣ ሳጥን የለ፣ አንዷ ቁራጭ ሶፋ ስር ገብታ ጠፋች የሚባል ነገር የለ።

ግን ፐዝል መስራትና ሰው ወዶ የሚጨርሰው ፐዝል መስራት ይለያያሉ። እኔ ይሄን የተማርኩት በእማዬ ዓይን ነው።

መጀመሪያ የሰራሁላት የፋሲካ ፎቶ ነበር። ሁላችንም ነጭ ለብሰን ነጭ ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል። ረዘም ላለ ጊዜ ትቆይበት ብዬ 192 ቁራጭ አደረግኩት፣ 16 በ12 ማለት ነው። እማዬ ግማሽ ሰዓት ታገለች። ነጩ ነጠላ ከነጩ ግድግዳ አይለይም። ቁራጮቹ ከጣቷ ጫፍ ያንሳሉ፣ አንዱን ልጎትት ስትል ሌላው ይከተላታል። «ልጄ፣ ዓይኔን አደከመኝ» ብላ ታብሌቱን አስቀመጠችው። በጣም አዘንኩ፤ የምትወደውን ነገር የሰራሁላት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፎቶዎችን ማየት የጀመርኩት በሌላ ዓይን ነው። ለግድግዳ የሚያምር ፎቶ ሁሉ ለፐዝል አይሆንም። ሰማይ የሞላበት፣ ባዶ ግድግዳ የበዛበት፣ ከጀርባው የደበዘዘ ፎቶ ሰውን ያሰለቻል፣ ምክንያቱም ሃያ ቁራጭ አንድ ዓይነት ይሆናል። ዕቃ የተዝረከረከበት ፎቶ ግን ነፍስ ነው። ቡና የተፈላበት ፎቶ ካላችሁ እሱን ውሰዱ። ቄጤማው፣ ረከቦቱ፣ የጀበናው አንገት፣ የከሰሉ ፍም፣ የቀሚሱ ጥለት፣ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ምልክት አለው። ሲኒዎቹ ብቻ ይመሳሰላሉ፣ እሱም ቢሆን ደስ ይላል፣ የትኛው የትኛው ነው እያሉ መፈለግ።

ቁጥሩ ደግሞ የራሱ ጨዋታ አለው። አብዛኛው የስልክ ፎቶ 4 በ3 ነው። ስለዚህ ቁራጮቹ እኩል አራት ማዕዘን እንዲሆኑ 4 በ3፣ 8 በ6፣ 12 በ9 እያላችሁ መሄድ ነው፤ 12፣ 48፣ 108 ቁራጭ ይመጣል። በ12ቱ ላይ አስሩ ቁራጭ ጠርዝ ነው፣ መሃል የሚገቡት ሁለት ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው ለትንንሽ ልጆች የሚቀለው። በ48ቱ ላይ ደግሞ ልክ ግማሽ ለግማሽ ይሆናል፣ 24 ጠርዝ፣ 24 መሃል። 192 ላይ ስትደርሱ ጠርዙ 52 ብቻ ነው፣ 140ው መሃል ሜዳ ላይ የፈሰሰ ነው። እማዬን ያደከማት ይሄ ነበር። ለእሷ 48 ልክ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ያልቃል።

ከዚያ ወደ አሮጌው አልበም ገባሁ። ያ ላስቲኩ ፎቶው ላይ የተጣበቀ፣ ገጹ ሲገለጥ የሚጮህ ዓይነት አልበም ነው፣ ታውቁታላችሁ። አደራ፣ ፎቶው ከተጣበቀ ጎትታችሁ አታንሱት፣ ፊቱ ተልጦ ላስቲኩ ላይ ይቀራል። እንደዚህ ያለውን መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ በስልክ ብታነሱት ይሻላል። የሚላቀቀውን ግን ስካን አስደርጉት።

እኔ የመረጥኩት የወንድሜን የክርስትና ፎቶ ነው። 1978 ዓ.ም.፣ ጥቁርና ነጭ፣ 9 በ13 ሴንቲ ሜትር፣ ጀርባው ላይ በእስክርቢቶ «ለማስታወሻ» ተብሎ ተጽፎበታል። ወንድሜ ገና የአርባ ቀን ልጅ ነው፣ ነጠላ ውስጥ ተጠቅልሎ አፍንጫው ብቻ ይታያል። እማዬ ይዛዋለች። አባዬ ኮፍያ አድርጎ ከጎኗ ቆሟል። የክርስትና አባቱ፣ አያቴ፣ ሁለት ጎረቤቶች። ፊት ለፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ድፎ ዳቦ አለ።

ፎቶውን ስካን ያደረገልኝ ቤት በቴሌግራም ነበር የላከልኝ። ከፈትኩት፣ ደህና ይመስላል። ፐዝል ሳደርገው ግን የሰዎቹ ፊት ጭቃ ሆነ። ለካ እንደ ፎቶ ስለተላከ ቴሌግራም አሳንሶታል። ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሰራበት ነጥብ፣ ብቻ ቀርቷል፣ በ48ቱ ፐዝል ረጅም ጎን ላይ ላሉት ስምንት ቁራጮች ሲካፈል ለአንድ ቁራጭ 160 ፒክስል ነው የሚደርሰው። ተመልሼ ሄድኩና በ600 ዲፒአይ፣ ለአንድ ኢንች 600 ነጥብ ማለት ነው፣ ስካን አድርጋችሁ እንደ ፋይል ላኩልኝ አልኳቸው። ያኔ ረጅሙ ጎን ከ3000 ፒክስል በላይ ሆኖ መጣ። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። የአያቴ አንገት ላይ ያለው ማተብ እንኳን ክሩ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ፐዝሉን አንዴ ሰርቼ ሳየው መቁረጫው መስመር በአባዬ ዓይን ላይ ነበር ያለፈው። ግማሽ ዓይን እዚህ፣ ግማሽ ዓይን እዚያ። አልወደድኩትም። አባዬ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። እማዬ ለሁለት የተከፈለ ፊቱን በጣቷ እንድትጎትት አልፈለግኩም። በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል ካርታ ሰሪ ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ በአገሮቹ ድንበር ይቆርጥ ነበር፣ ለልጆች ጂኦግራፊ ማስተማሪያ። ከመጀመሪያዎቹ ፐዝሎች አንዱ እሱ ነው። የእሱ ቁራጭ ሲነሳ አንድ ሙሉ አገር ነው የሚነሳው። ኮምፒውተር ግን የቱ ጋ ዓይን እንዳለ፣ የቱ ጋ ሰው እንደሚያልቅ አያውቅም፣ እኩል እኩል ይከፍላል። ስለዚህ እኛ ነን ማሰብ ያለብን። መላው ቀላል ነው፣ ፎቶውን ከመጫናችሁ በፊት ከአንዱ ጎን ትንሽ ቆረጥ አድርጉት፣ መስመሩም አብሮ ይንቀሳቀሳል። እኔ በግራ በኩል ካለው ባዶ ግድግዳ ላይ ቀነስኩለት። የአባዬ ፊት ከነኮፍያው አንድ ቁራጭ ላይ ሙሉውን ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰጠኋት።

ሰው ሁሉ ፐዝል ሲጀምር ከጠርዝ ነው የሚጀምረው። እኔም እንደዚያ አሳየኋት፣ እማዬ፣ መጀመሪያ ቀጥ ያለ ጎን ያላቸውን ልቀሚ፣ አልኳት። ታብሌቱን እያየች «ሰዉን ትቼ ግድግዳ ልስራ?» አለችኝ። እሷ ከፊት ነው የምትጀምረው። መጀመሪያ አባዬን አገኘችው፣ ምንም ሳትገጥምበት መሃል ላይ አስቀመጠችው። ቀጥሎ እናቷን። ቀጥሎ ሕፃኑን። ከቁራጩ አንዱ ጎን የወጣውን «ወንዴ»፣ የገባውን «ሴቴ» ትለዋለች፣ እንደ ልብስ ቁልፍ። ሁለቱ በልካቸው ሲጠጋጉ ቀጭ ብለው ይያያዛሉ፣ ያቺን ድምፅ ስትሰማ ፈገግ ትላለች።

እየገጠመች ታወራለች። ጎረቤትየዋ የለበሰችው ቀሚስ የተውሶ እንደነበር። ፎቶ አንሺው ከከተማ ሲመጣ መንገድ ላይ ዝናብ እንደያዘው። የክርስትና አባቱ ያን ቀን የሰጠውን በግ። ይሄን ፎቶ ከልጅነቴ ጀምሮ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንዱንም ሰምቼ አላውቅም። ፎቶ በእጅ ይዘው ሲያዩት ሰከንድ ነው፣ ይታለፋል። ቁራጭ ይዞ ይሄ የማን ትከሻ ነው እያለ የሚፈልግ ሰው ግን ከእያንዳንዱ ትከሻ ጋር ይቆያል።

ጠርዙ ለመጨረሻ ቀረ። ግድግዳ፣ ወለል፣ የጠረጴዛው እግር። አንዷ ቁራጭ ላይ እማዬ ቆመች። በቀኝ ጠርዝ በኩል የምትገባ ናት። የድፎ ዳቦው ጫፍ አለ፣ ከስሩ ደግሞ ጠቆር ያለ ነገር። ጥላ መስሎኝ ነበር። እማዬ በሁለት ጣቷ ስክሪኑን ከፈት አድርጋ አጎላችው። ጥላ አይደለም። ጥቁር እጅጌ ነው። ከእጅጌው የወጣ እጅ ዳቦውን ከጎን ደግፎታል፣ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ጎብጣለች።

«ውይ» አለች። ዝም አለች። «እቴ ናት እኮ።»

ታላቅ እህቷ። ትንሿን ጣቷን ልጅ ሆና የወፍጮ ድንጋይ ወድቆባት ጎብጣ የቀረች አክስቴ። ያን ዓመት ባሏ ሞቶባት ከል ለብሳ ነበር። ድፎውን የደፋችው እሷ ናት፣ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ። ፎቶ ሊነሱ ሲሉ ግን ጥቁር ለብሼ የልጅ ክርስትና ፎቶ ውስጥ አልገባም ብላ ወጣች። ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ዘንበል ሲልባቸው ከጎን እጇን ሰደድ አድርጋ ያዘችው። ፎቶ አንሺው አነሳ። እጇ ቀረ።

እማዬ ይሄን ሁሉ ስትነግረኝ ቁራጯን ከጣቷ ስር አላነሳችም። ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ እንጃ ቦታዋ አስገባቻት፣ ቀጭ አለች። አክስቴ ከሞተች ቆይቷል። በዚያ ዘመን የተነሳችው ሌላ ፎቶ የለም።

ልጇ፣ ማለትም የአክስቴ ልጅ፣ ዱባይ ነው የምትሰራው። የፐዝሉን ሊንክ ላክሁላት፣ ምንም ሳልነግራት። እዚህ ላይ አንድ ምክር ልናገር፣ ሊንኩን ከመላካችሁ በፊት ፐዝሉ ለማንም የሚታይ መሆን አለመሆኑን አስተካክሉ። መጀመሪያ ላይ የሞከርኩት አንድ ሌላ ድረ ገጽ የጫንኩትን የቤተሰብ ፎቶ ለሁሉም ሰው ክፍት አድርጎት ነበር፣ የማላውቃቸው ሰዎች ገጥመውታል፣ ወዲያው አጠፋሁት። የልጆች ፎቶ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። የሰው ፎቶ የሰው ነው።

የአክስቴ ልጅ ሌሊት ከሥራ ስትገባ ነው የከፈተችው። በማግስቱ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሁለት ደቂቃ ነው፣ የመጀመሪያው ግማሽ ለቅሶ ነው። ከዚያ «እጇን አየሁት፣ ሳየው አወቅኩት» አለች። እኔ አልነገርኳትም ነበር። ጣቷን አይታ ነው።

ለዴንቨር ልጆች ያንኑ ፎቶ በ12 ቁራጭ አደረግኩላቸው። ትንሿ አራት ዓመቷ ነው፣ በሁለተኛው ቀን ብቻዋን ጨረሰችው። በቪዲዮ ስንደውል የጠየቀችው ነጠላው ውስጥ ያለው ሕፃን ማን እንደሆነ ነው። አባትሽ ነው ብትባል አላመነችም። እማዬ ከዚህ ሆና አንድ በአንድ ስትነግራት፣ ይሄ አያትሽ ነው፣ ይቺ የኔ እናት ናት ስትላት፣ ልጅቷ ከዚያ በኩል በጣቷ እየነካች ስሙን ትደግማለች። ፎቶው ቢላክላት ኖሮ ዞር ብላም አታየው።

ባለፈው ሳምንት እማዬ 48ቱ እንዳነሰባት ነገረችኝ። ቁራጮቹን ለምዳቸዋለች፣ ሳታያቸው ነው የምታስገባቸው። «በዛ አድርጊልኝ፣ ያንኑ ፎቶ» አለችኝ። እኔም 108 ላድርገው ብዬ ላፕቶፑን ከፍቼ መቁረጥ ስጀምር ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«የእቴን እጅ ለሁለት እንዳትከፍይብኝ።»

ቁራጮቹ በዝተው መጠናቸው ሲያንስ መስመሩ ልክ በጣቶቿ መሃል ነበር የሚያልፈው። ፎቶውን ከላይም ከግራም ትንሽ ትንሽ ቀነስኩት፣ ሞከርኩት፣ አልሆነም። እንደገና ቀነስኩት። በአራተኛው እጇ ከነጥቁር እጅጌዋ አንድ ቁራጭ ላይ ገባ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ አየችው፣ «እሺ» ብላ ቡናዋን ልታፈላ ሄደች።