ከሠንጠረዡ የጎደለው 90 ቢሊዮን ብር

ነሐሴ 2016 ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚገኝ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ አንዲት ወጣት ሪፖርተር የመከላከያን የአራት ዓመት በጀት በሠንጠረዥ አሰናድታ ለአርታኢው አቀረበች። ርእሱ «የመከላከያ በጀት በ2015 አሻቀበ» ይላል። አኃዞቹን የቀዳችው ሰኔ ላይ ከጸደቁት በጀቶች ነው፦ በ2015 ከ786.6 ቢሊዮን ብር 84 ቢሊዮን፣ በ2016 ከ801.65 ቢሊዮን 50 ቢሊዮን፣ በ2017 ከ971.2 ቢሊዮን 65.7 ቢሊዮን። አንዱም አልተሳሳተም።

አርታኢው የ2014 ረድፍ ላይ ቆመ። «አቦ፣ የጥር ወሩ ተጨማሪ በጀት የታለ?»

አልገባም ነበር። ጥር 2014 ምክር ቤቱ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ሲያጸድቅ 90 ቢሊዮኑን የመደበው ለመከላከያ ነው። ይህ ብቻውን የ2015ን 84 ቢሊዮን ይበልጣል። እውነተኛው ዝላይ የታየው በ2014 አጋማሽ፣ በጦርነቱ መካከል ነው፤ ርእሱ ወደቀ። ተጨማሪ በጀት ለብቻው ስለሚጸድቅ የሰኔውን ብቻ የያዘ ሰው ሁልጊዜ ያመልጠዋል። ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለቱንም ፈልጎ መደመር ግድ ነው።

ቀጥሎ ድርሻው ተሰላ። 2015 ላይ 10.7 በመቶ፣ 2016 ላይ 6.2፣ 2017 ላይ 6.8 ወጣ። የመጨረሻው ግን ሌላ ጣጣ ነበረበት። በጀቱ ሲጸድቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ስለነበር 65.7 ቢሊዮን ብር 1.15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። ሐምሌ 22 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ፤ ያው ገንዘብ ከ660 ሚሊዮን ዶላር በታች ወረደ። ታዲያ «በግማሽ ተቀነሰ» ብሎ መዘገብም ስሕተት ነው። ደመወዝና ቀለብ የሚከፈለው በብር ነው። ምንዛሪው ወዲያው የሚጎዳው ነዳጅን፣ የአውሮፕላን መለዋወጫንና ከውጭ የሚገዛ መሣሪያን ነው። የአየር ኃይል ምድብ ባለባት ከተማ አድማጭ ይህን ልዩነት መስማት ይገባዋል።

ጥቅል ድምሩ ደግሞ ቅድሚያ የተሰጠው ለየትኛው ወጪ እንደሆነ አይናገርም። የኔቶ አገሮች ከመከላከያ ወጪያቸው ቢያንስ 20 በመቶውን ለዋና ዋና መሣሪያ ለማዋል የተስማሙት ገንዘቡ በደመወዝና በጡረታ ተበልቶ እንዳያልቅ ነው። ሪፖርተሯ ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃና ግዥ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ጨምራ ማስረጃ ያላገኘችባቸውን ባዶ ተወቻቸው። በግምት ከመሙላት ይህ እጅግ ይሻላል።

በዚያው በ2017 በጀት ዓመት 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። አካፋዩ ከ1.5 ትሪሊዮን ብር ስላለፈ 6.8 በመቶ የሚለውም ተሰርዞ ስሌቱ እንደገና ተጀመረ።