ከርቸሌን ያለ ጠብ

ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ስሄድ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ጋ ስደርስ ሁሌም ዝም እላለሁ። ሕንፃው በ2004 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት ቦታው ላይ ከርቸሌ ነበር። ብዙ ሰው «ዓለም በቃኝ» ይለዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሦስት ዓመት ተፈርዶብኝ እዚያ ገባሁ። የገባሁት ሰው መትቼ ነው። ስለዚህ ከማንም በላይ የምፈራው የራሴን እጅ ነበር።

ከጎኔ የሚተኙት አዛውንት ብዙ ዓመት የቆዩ ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። በመጀመሪያው ሌሊት «ስማኝ ልጄ፣ እዚህ ሰው የሚያጣላው ዕዳ ነው። ከማንም አትበደር» አሉኝ።

እሺ አልኩ። በሳምንቱ ግን አንድ ፓኮ ሲጋራ በዱቤ ወሰድኩ። እሁድ እናቴ ስንቅ ይዛ ስትመጣ እከፍላለሁ ብዬ ነበር። እናቴ አመማትና ሳትመጣ ቀረች። አበዳሪው እጥፍ ጠየቀኝ። ከዚያ አንድ ማታ ጓደኞቹን ይዞ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። በእናቴ ሰደበኝ። ደሜ ፈላ።

ያኔ ያዳነኝ አመክሮ ነው። ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን በመልካም ጠባይ የጨረሰ ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ለእኔ አንድ ቦክስ ማለት ከእናቴ የምለይበት አንድ ዓመት ነበር። እጄን ኪሴ ከተትኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ዕዳው አለብኝ፣ አልካድኩህም። ካቦው ባለበት እንነጋገር» አልኩት፤ ካቦ የምንለው የእስረኞቹን አለቃ ነበር። ስድቡን ብመልስለት ጓደኞቹ ፊት መሸነፍ ስለማይችል የግድ ይመታኝ ነበር። ካቦውና ሽማግሌዎች ተቀምጠው እጥፉን አስቀሩልኝ። ዋናውን በሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ ሲጋራ ተውኩ። ቁማር የሚጫወቱበት ጥግ አልደርስም። ሰው በምን እንደታሰረ አልጠይቅም፤ ሳይጋብዘኝም ፍራሹ ላይ አልቀመጥም። ስንቅ ሲገባልኝ ጠያቂ ከሌላቸው ጋር እበላለሁ። ይሄኛውን ለጥቅም ብዬ አልነበረም፤ ጠያቂ የሌለው ሰው በጠያቂ ቀን ፊቱ ያሳዝናል።

በሁለት ዓመቴ በአመክሮ ተፈታሁ። ስወጣ ብርድ ልብሴን ለጋሼ ሰጠኋቸው። ይዘው ትንሽ አሰቡና «በብድር ነው?» አሉኝ።

«አይደለም፣ ጋሼ።»

አጥፈው ራስጌያቸው አስቀመጡት።