የባጃጇ ሰማያዊ ዱቄት

ዛሬ ጠዋት ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ላይ የተሳፈርኩባት ባጃጅ አልነሳም አለች። ሹፌሩ ባትሪውን ከፈተ። የገመዱ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ዱቄት ጋግሯል።

«ጋሼ፣ እንዳይነኩት፤ አሲድ ነው።»

አሲዱ መዳቡን ሲበላው የሚወጣ መዳብ ሰልፌት ነው። (የኬሚስትሪ ነገር መቼ ይለቀኛል!) ይኸው ነገር ውሃ አልባ ሆኖ በተፈጥሮ የሚገኘው እሳተ ገሞራ ጋዝ በሚተፋበት ስንጥቅ አፍ ላይ ነው፤ እሱም ከስንት አንዴ። ካልኮሳያናይት ይሉታል። በ1873 እ.ኤ.አ. ከጣሊያኑ ቬሱቪየስ ተራራ ተገኝቶ ተሰየመ። ጉዱ ግን ሌላ ነው፦ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣና ሰማያዊ ይሆናል። እሳት አፍ ላይ ተወልዶ በጤዛ መልኩ የሚለወጥ! የጅማን ክረምት እንዴት ይችለዋል?

ሹፌሩ ገመዱን በቢላ ፍቆ አሰረው። ተነሳች። ሂሳብ ስሰጠው ጣቶቹ ሰማያዊ ነበሩ።