የማርሻል ግራ እጅና የኔ አውራ ጣት

የዋንዛ ሳንቃ ወድቆብኝ ግራ አውራ ጣቴ ከተሰበረ ዛሬ 12ኛ ቀኑ። ሐኪሙ በጀሶ ጠቅልሎ፣ "ስድስት ሳምንት መጋዝ እንዳትነካ" ብሎ ሸኘኝ። አናጢ መጋዝ ካልነካ ምን ይሠራል? ስልክ ይነካካል። እኔም ከ40 ዓመት በላይ በጆሮዬ ብቻ የማውቀውን ሰው ፈልጌ አገኘሁት፤ አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ በሚመታበት በክሪኬት ጨዋታ ወርዋሪ የነበረውን ማልኮም ማርሻልን።

ስሙን የሰማሁት ከህንዱ የሒሳብ አስተማሪያችን ነው። 1976 ዓ.ም.፣ ደሴ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ቲቸር ኪሱ ውስጥ ቀይ የቆዳ ኳስ ይዞ ይዞራል፤ እያስተማረን አንዱን ጎኗን ሱሪው ላይ ያሻታል። ጭኑ ላይ ቀይ እድፍ ነበረው፤ ሴቶቹ ይስቁበታል። አንዱ ጎን ሲያብረቀርቅ ሌላው ሻካራ ሆኖ ሲቀር ኳሷ አየር ላይ እንደምትታጠፍ የገባኝ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ቲቸር ወደ አባቴ ሱቅ መጣና የክሪኬት ዱላ ሥዕል ዘረጋ። እንጨቱ ወንዝ ዳር የሚበቅል፣ ቀለል ያለ መሆን አለበት አለ፤ ቅጠሉን ጭምር ሣለለት። አባቴ ብዙ አይቶ "አኻያ ነው እንዴ የሚለው ሰውዬ?" አለኝ። አኻያን ከቁም ነገር የሚቆጥር ሰው አይቶ አያውቅም። ለካ እንግሊዞቹም ዱላቸውን የሚሠሩት ከአኻያ ዘር ነው።

በዚያ ዱላ ሆጤ ሜዳ ላይ ተጫወትን። ለኛ የፈረንጅ የገና ጨዋታ ነበር። ችግሩ መወርወሩ ላይ ነው፤ እኛ የምናውቀው የእረኛ ድንጋይ አወራወር ነው፣ ክሪኬት ደግሞ የታጠፈ ክርንን እየዘረጉ መወርወርን ይከለክላል። "እጅህን ዘርጋ! ማርሻል እንደዚህ ነው!" እያለ ቲቸር ይጮኻል። እኔ ከክፍሉ አጭሩ ስለነበርኩ ማርሻል የሚለው ቅጽል ለኔ ደረሰኝ። ማርሻል ለዌስት ኢንዲስ፣ ለካሪቢያን ደሴቶች ቡድን ነው የሚጫወተው፤ የቡድን ጓደኛው ወርዋሪው ጆኤል ጋርነር ከሁለት ሜትር በላይ ነበር፤ ማርሻል 1.80 ገደማ። የረዥሞቹ ኳስ ከላይ ትዘላለች፤ የሱ ግን መሬቱን ነክታ እየተንሸራተተች በፍጥነት ትመጣለች።

የሚገርመኝ ግን ቲቸር ማርሻልን የሚያደንቅበት ጊዜ ነው። ዌስት ኢንዲስ በዚያው ዓመት ህንድ ገብተው በስድስት ግጥሚያ 3 ለ 0 አሸንፈው ሄዱ። ማርሻል ብቻውን 33 ዊኬት ወሰደ፤ ዊኬት መውሰድ ማለት ዱላ የያዘውን ሰው ከጨዋታ ማስወጣት ነው። ካንፑር ላይ የህንዶቹ ኩራት የጋቫስካር ዱላ በማርሻል ኳስ ተመቶ ከእጁ ወደቀ። ቲቸር ይህን ሲነግረን እንደ ሐዘንተኛ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ዓይኑ ያበራል። የአገሩን ሰው ያዋረደውን ሰው እንዲህ ሲወድ እኛ ይደንቀን ነበር። (ጋቫስካር ተነሥቷል፤ በዚያው ጉዞ ሁለት ጊዜ ከመቶ ነጥብ በላይ አስቆጥሯል፣ አንዱ 236 ነው። እሱንም እኩል ይተርክልናል።)

ከዚያ ሐምሌ መጣ። ያ ክረምት ለወሎ ምን ይዞ እንደመጣ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ እሱን አልነካውም። ቲቸር የተከራየባት ክፍል ውስጥ ዌስት ኢንዲስ እንግሊዝ ሄደው ከእንግሊዝ ጋር የሚያደርጉትን ግጥሚያ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይከታተላል። ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁ ይጠፋል፤ ቲቸር ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፎ ይተረጉምልኛል።

ሄዲንግሌይ በሚባለው የእንግሊዝ ሜዳ ላይ ማርሻል በመጀመሪያው ቀን ኳስ ሲያስቆም ግራ አውራ ጣቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ጨዋታው አበቃለት ተባለ። አሥር ሰው ከወጣ የቡድኑ ተራ ያበቃል፤ ዌስት ኢንዲስ ዘጠኝ ሰው ሲወጣባቸው የማርሻል ቡድን ጓደኛ ላሪ ጎሜዝ 96 ነጥብ ላይ ነበር፤ መቶ ሊሞላ አራት ጎድሎት ብቻውን ሊቀር ሆነ። ማርሻል ወደ ሜዳ ገባ። ዱላውን በቀኝ እጁ ብቻ ይዞ ቆመለት፤ ጎሜዝ መቶውን አለፈ፣ እሱም ባንድ እጁ መትቶ አራት አገኘ። ከዚያ ግራ እጁን በጀሶ አስሮ ሲወረውር 53 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ሰባት ዊኬት ወሰደ።

ሁሉም የሚያወራው ጀሶውን ነው። እኔ ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳይ ያየሁት ሌላ ነው፤ ኳሱን በጉልበት ከመግፋት ይልቅ አየር ላይ እያጠፈ ያታልላቸው ነበር። የመታው በብልሃቱ ነው። የቀረውም ታሪኩ እንደዚያ ነው፦ ከ1978 እስከ 1991 በፈረንጅ አቆጣጠር 81 ቴስት (በአገሮች መካከል የሚደረግ የብዙ ቀን ግጥሚያ)፣ 376 ዊኬት፣ ለአንዱ ዊኬት በአማካይ 20.94 ነጥብ። ባርቤዶስ የተወለደው ይህ ሰው ገና ሕፃን ሳለ አባቱ በመንገድ አደጋ ሞቶ፣ ኳስ ያስያዘው አያቱ ነበር። በ1999 በአንጀት ካንሰር ሲሞት 41 ዓመቱ ነበር። ይህንን ያነበብኩት ትናንት ማታ ነው፤ ቲቸርም ሰምቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እሱ በ1978 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሄዷል።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴን፣ "ማርሻል ከነጀሶው ሰባት ዊኬት ወስዷል፣ እኔ አንዲት በርጩማ ብጨርስ ምን አለበት?" አልኳት።

"አብሽር፣ ትጨርሳለህ" አለችኝ። የሱቁን ቁልፍ ግን ከተሰቀለበት አጣሁት።